በግንባር ስለ ተነቀሰው መስቀልና በብርሃን ስለ መፋቁ

ነቀሰ የሚለው ግስ በአማርኛ ሁለት ሥራ ይሠራል። እግሩን እሾህ የወጋው መንገደኛ ባልንጀራውን ንቀስልኝ ባለው ጊዜ እሾሁ ከሥጋው እንዲወጣለት መለመኑ ነው፤ ልጃገረዲቱ በነቃሿ ፊት ተቀምጣ አንገቷን ስታቀና ግን ቀለሙ በሥጋዋ እንዲገባ መፍቀዷ ነው። መሣሪያውም በሁለቱ ዘንድ ያው መርፌ ወይም ያው እሾህ ነው። የቅኔ ተማሪ እንዲህ ያለውን ቃል ሲያገኝ ኅብር አገኘሁ ብሎ እንቅልፍ አይወስደውም። ይሁን እንጂ ኅብሩ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በቃል ብቻ ነበረ፤ የገባው እሾህ ይወጣል፣ የገባው ቀለም ግን ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። ዛሬ ሌዘር የተባለው ብርሃን የገባውን ቀለም ለማውጣት የሚችል ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ቃሉ ሁለተኛውን ፍቺውን በንቅሳቱ ላይም አገኘ።

በማሻ፣ በቴፒና በሚዛን ባለው የቡና አገር በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸው ዙሪያ ሐረግ የተነቀሱ እናቶች ይታያሉ። ከእነርሱና ከልጆቻቸው ዘንድ ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፦ ይለቃል ወይ? የሚል ሲሆን ሁለተኛው፦ ቢለቅስ የመስቀልን ምልክት ከግንባር ማስፋቅ ሃይማኖትን እንደ መካድ አይቈጠርም ወይ? የሚል ነው። የፊተኛውን ሐኪም ይመልሳል፤ የኋለኛውን ለመመለስ ግን ምልክቱ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ጽፎአል። በዚያ ዘመን በአውሮፓ፣ የኢትዮጵያ ሰዎች በውኃ ብቻ ሳይሆን በእሳትም ይጠመቃሉ፤ በሕፃኑ ግንባር ላይ የጋለ ብረት ያሳርፋሉ የሚል ወሬ ነበረ። ወሬውም የተነሣው በኢየሩሳሌምና በሌላም ስፍራ ያዩአቸው ኢትዮጵያውያን በፊታቸው ላይ ምልክት ስለ ነበራቸው ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው በእሳት እንደሚያጠምቅ የተናገረውንም ቃል እንደ ፊደሉ ተርጉመው ለወሬው ማስረጃ አደረጉት። አልቫሬዝ ግን ነገሩ ሐሰት መሆኑን መሰከረ። በባሪያዎቹ አፍንጫና በቅንድባቸው መካከል የሚታየው ምልክት በእሳት የተደረገ እንዳይደለ፣ ከክርስትናም ጋር አንዳች ግንኙነት እንደሌለው፣ ለጌጥ ሲባል በቀዝቃዛ ብረት የሚሠራ መሆኑን ገለጠ። ዘዴውንም ሳይቀር ጻፈው፤ በዚህ ሥራ የታወቁ ሴቶች የነጭ ሽንኩርት ፍሬ በቆዳው ላይ አኑረው ዙሪያውን በስለት ይቀዱታል፤ ከዚያ በኋላ ቁስሉን በጣታቸው ከፈት አድርገው ሰም ይለጥፉበታል፤ በሰሙም ላይ ሊጥ ደርበው በጨርቅ አስረው ያሳድሩታል። የባዕድ አገር ቄስ ይህን ያህል ተጠንቅቆ ሲጽፍ፣ የእኛ ጸሐፍት ስለ እናቶቻቸው ግንባር ብዙ አለመጻፋቸው የሚያስቈጭ ነው።

ከእርሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰው ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ እጁ ሰይጣንን የካደበትን ቃል፣ በግራ እጁም ዳስክ የተባለውን ጣዖት የካደበትን ቃል ጽፎ እንዲታይ ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ያ ግን በጣዖት አምልኮ ላይ የወጣ የንጉሥ ዐዋጅ ነበረ፤ እምቢ ያለም ይቀጣበት ነበር። ከእናት ወደ ልጅ ከሚወርደው ንቅሳት ጋር ሊቀላቀል አይገባም፤ አንዱ ከዙፋን የወረደ ሲሆን ሌላው ከጓዳ የወጣ ነውና። በኢየሩሳሌምም ከግብፅ የመጡ ክርስቲያኖች ለተሳላሚዎች በክንዳቸው ላይ መስቀል የመንቀስ ሥራ ለብዙ ዘመን ይዘዋል፤ ይህም የመሳለም ማስታወሻ ነው እንጂ ሥርዐተ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።

ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ስለ ሙታን ብሎ ሥጋን መቈራረጥንና በገላ ላይ ምልክት ማድረግን ይከለክላል። በጥምቀት ቀን ሕፃኑ የሚቀበለው በአንገቱ የሚታሰረውን ማዕተብና በ36 የአካሉ ክፍሎች የሚቀባውን ሜሮን ነው። ማዕተቡ ክር ነው፤ ሲያረጅ ይለወጣል። ሜሮኑ ደግሞ ለዓይን አይታይም። ከእነዚህ በአንዱም ላይ መርፌ የለበትም።

ታዲያ እናቶች ለምን ነቀሱ? ቢባል ምክንያቱ አንድ አይደለም። ጌጥ ነው፤ ወርቅና ብር ለሌላት ድኻ በአንገቷ ዙሪያ በመደዳ የተነቀሰው መስመር ሌባ የማይሰርቀው ድሪ ነው። ድዷን የተነቀሰችውም ጥርሷ ከጠቈረው ድድ አጠገብ ነጭ ሆኖ እንዲታይላት ነው። ደግሞም መድኃኒት ነው ይባል ነበር፤ የአንገቱ ለእንቅርት፣ የግንባሩ ለዓይን ሕመም ይረዳል ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ እምነት የእኛ እናቶች ብቻቸውን አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከሞተ 5300 ዓመት ገደማ የሆነው ሰው በገላው ላይ 61 የንቅሳት መስመሮች ነበሩት። ከእነዚህም ብዙዎቹ በወገቡ፣ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ ላይ ስለ ሆኑ ለሕመም የተደረጉ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ የመረመሩት ሰዎች ይገምታሉ። ቀለሙም ያው የምድጃ ጥላሸት ነበር። በባሪያ ፈንጋይ ዘመን ልጅ ብትጠፋ በምልክቷ እንድትታወቅ፣ የክርስቲያን ልጅ መሆኗም እንዲታይ ነው የሚሉ አሉ። ይህ የመጨረሻው ምክንያት የፍቅርና የፍርሃት ስለ ሆነ በቀላሉ ሊናቅ አይገባውም። ሆኖም በምክንያቶቹ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ጐድሎአል፤ ይኸውም የልጅቱ ፈቃድ ነው። ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው፣ እንቢ ለማለት በማይችሉበት ዕድሜ፣ ዘመድ እጅና እግራቸውን ይዞላቸው ተነቅሰዋል።

ይህ ዓይነቱ ንቅሳት በተለይ የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ ልማድ ነው። ወደ ደቡብ ምዕራቡ ደን ያመጣው የሰው ፍልሰት ነው። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተማረኩ በኋላ፣ በዚያ ዘመን ሞቻ ይባል ወደ ነበረው ወደ ሸካ አገርም ወታደሩ፣ ካህኑና ነጋዴው ከነቤተሰቡ ገባ። ሁለተኛው ፍልሰት ከዚህ ይልቅ የከበደ ነበር። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በረኀቡ ምክንያት የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ካፋና ወደ ጐጃም አሰፈረ። ማሻ በዚያን ጊዜ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ከብታቸውን፣ ቤታቸውንና የሞቱ ዘመዶቻቸውን መቃብር ትተው የመጡት ሴቶች ከአገራቸው ማንም ሊቀማቸው ያልቻለው ይህን በገላቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ ነበር። ስለዚህ አንዲት አሮጊት መስቀሌን አትንኩብኝ ብትል ነገሯ ከጌጥ በላይ መሆኑን ልጆቿ ያስተውሉላት።

ቀለሙ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ለሚቀጥለው ነገር ሁሉ መሠረት ነው። ነቃሿ ከምጣድ ጀርባ ወይም ከኩራዝ ላይ ጥላሸት ትሰበስባለች፤ አንዳንዷም የቅጠል ጭማቂ ትጨምርበታለች፤ ከዚያም በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች ታገባዋለች። የብራና ጸሐፊም ጥቁር ቀለሙን የሚያበጀው ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል፣ ከሙጫም ጋር አዋሕዶ ነው። እንግዲህ በዳዊቱ ላይ ያለው ቀለምና በአሮጊቲቱ ግንባር ላይ ያለው ቀለም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የግንባሩ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መስሎ የሚታየው ቀለሙ ተለውጦ ሳይሆን ከቆዳ በታች ስላለ ነው፤ ብርሃን በቆዳው ውስጥ ሲያልፍ እየተበተነ ጥቁሩን ሰማያዊ ያስመስለዋል።

በብራና ላይ የተሳሳተ ቃል ሲገኝ ጸሐፊው በካራ ይፍቀዋል፤ ብራናው ይሳሳል፣ ነገር ግን አይጮኽም። ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሥጋንም እንደዚሁ ለመፋቅ ሞክረዋል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የአሚዳው ሐኪም አኤጥዮስ የንቅሳትን ቀለም አሠራርና፣ ከዚሁ ጋር ኖራን የመሰለ የሚያቃጥል ነገር እየቀቡ የሚያስለቅቁበትን ዘዴ ጽፎ ትቶአል። በየአገሩም በጨው መፈግፈግ፣ በጋለ ብረት መተኰስ፣ በአሲድ ማቃጠል ተሞክሮአል። በእነዚህ ሁሉ ዘዴዎች ቀለሙ የሚሄደው ቆዳው ሲሄድ ነው፤ በንቅሳቱም ፋንታ ጠባሳ ይተካል። በመስቀል ቅርጽ የተነቀሰውን ግንባር በመስቀል ቅርጽ ማቃጠል ምልክቱን አላጠፋውም፤ አባሰው እንጂ። ይህ ዘዴ በአንዳንድ ስፍራ ዛሬም ስላልቀረ በረኪናና የባትሪ ውኃ ወደ ግንባር እንዳይቀርቡ ማስጠንቀቅ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960 ቴዎዶር ሜይማን የተባለው አሜሪካዊ ከቀይ ዕንቁ ዘንግ የመጀመሪያውን የሌዘር ብርሃን አወጣ። የተራ መብራት ብርሃን ብዙ ቀለም ያለውና ወደ ሁሉ የሚበተን ሲሆን የሌዘር ብርሃን ግን አንድ ቀለም ብቻ ያለውና በአንድ መስመር የሚሄድ ነው። በዚያው በ1960ዎቹ ውስጥ የሲንሲናቲው የቆዳ ሐኪም ሊዮን ጎልድማን ብርሃኑን በንቅሳት ላይ ሞከረ። ምስጢሩን በግልጥ ያስረዱት ግን በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ናቸው። ነገሩም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቀለም የሚወደውን ብርሃን ይጠጣል፤ ለቀለሙ የተስማማውን ብርሃን መርጦ እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ቢያሳርፉበት፣ ሙቀቱ ወደ ጎረቤቱ ሥጋ ሳይደርስ የቀለሙ ቅንጣት ብቻዋን ግላ ትሰነጠቃለች። ጊዜውም የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው፤ ከ2012 ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት በፈቀዳቸው መሣሪያዎች ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ብርሃኑ ቀለሙን ይሰባብራል እንጂ አያወጣውም። ማውጣት የገላው የራሱ ሥራ ነው። በቆዳ ውስጥ እንደ ዘበኛ ሆነው ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳት አሉ፤ ንቅሳቱ የሚኖረው በእነርሱ ሆድ ውስጥ ነው። በማርሴይ ያሉ ተመራማሪዎች በ2018 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ቀለሙን የያዘው ሕዋስ ሲሞት ቀለሙን ይለቃል፤ አዲስ የመጣውም ሕዋስ መልሶ ይውጠዋል። ዜማ ከሚያረጀው መምህር ወደ ደቀ መዝሙሩ እንደሚተላለፍ ቀለሙ እንዲሁ ሲተላለፍ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ሌዘር ቅንጣቱን ሲያደቅቀው ግን ደቃቁ በገላው ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች እየሄደ ንፍፊት ወደሚወጣባቸው እጢዎች ይወሰዳል። ይህም ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ትዕግሥት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ዋናው ችግር ሌላ ነው። የቆዳችን ጥቁረት ሜላኒን የሚባል ቀለም ነው፤ ብርሃኑም የተፈጥሮውንና የነቃሿን ቀለም ለይቶ አያውቅም። የመጀመሪያው የቀይ ዕንቁ ብርሃን ሜላኒንንም ይመታል፤ ስለዚህ ለነጭ ቆዳ የተመቸው ለጥቁር ቆዳ ለምጽ የሚመስል ነጭ ምልክት ሊያተርፍ ይችላል። መፍትሔው ኤንዲ ያግ በሚባለው መሣሪያ ተገኘ። የዚህ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር ነው፤ ዓይን አያየውም፤ ወደ ቆዳ ጠልቆ ይገባል፤ ሜላኒንን ከሌሎቹ ይልቅ ያልፈዋል፤ ጥላሸትን ግን አጥብቆ ይመታል። በጥቁር ቆዳ ላይ መልካም ሥራ መሥራቱም በ1996 በታተመ ጥናት ተመሰከረለት። የእናቶቻችን ንቅሳት አረንጓዴ መስሎ ሳለ በእውነቱ ጥላሸት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ እውነተኛ አረንጓዴ ቀለም ለዚህ ብርሃን እምቢተኛ ነውና።

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያውያን ግንባር ላይ በብዛት የተፈተነው በአገራቸው ሳይሆን በእስራኤል ነው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 16ና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ፣ ቤተ እስራኤል ወደዚያ ሄዱ። ከጐንደር ክርስቲያኖች ጋር ተጐራብተው የኖሩ ስለ ነበሩ ከሴቶቻቸው መካከል የጎረቤቶቻቸውን ጌጥ በፊታቸውና በአንገታቸው የተነቀሱ ነበሩ፤ መስቀል ያለባቸውም ነበሩ። በጐንደር ጌጥ የነበረው በእስራኤል አደባባይ የማን ወገን ነሽ? የሚያሰኝ ሆነ። በ2004 የእስራኤል ሐኪሞች በአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለእነዚህ ሰዎች ሌዘር እንዳደረጉላቸውና መልካም ውጤት እንዳገኙ ገልጠዋል።

ከላይ ለተነሣው ሁለተኛው ጥያቄ የሚሆን መልስ ከዚህ ይገኛል። መስቀል በግንባሯ ላይ መኖሩ አይሁዳዊቱን ክርስቲያን እንዳላደረጋት ሁሉ፣ ከግንባሯ መፋቁ ክርስቲያኒቱን ከክርስትናዋ አያወጣትም። አልቫሬዝ ከ500 ዓመት በፊት ያስተዋለውም ይህንኑ ነበር። ንስሐ አባት የሆነ ካህን፣ አንዲት ልጅ ላስፈቅ ወይ? ብላ በጠየቀችው ጊዜ፣ ጌጥን ከምሥጢረ ጥምቀት ጋር አደባልቆ እንዳያስፈራራት ይጠንቀቅ። ይልቁንስ ስለ ምን እንደ ፈለገችው በጸጥታ ይጠይቃት፤ በስድብና በማፌዝ ተገፍታ ከሆነ ጥፋቱ የተሳዳቢው ነው እንጂ የግንባሯ አይደለም። በሌላ ወገን ደግሞ የከተማ ልጅ እናቱን ኋላ ቀር መሰለችብኝ ብሎ ያለ ፈቃዷ ወደ ሐኪም ቢጐትታት፣ በልጅነቷ እጅና እግሯን ከያዙት ሰዎች በምን ይሻላል?

ፈቅዳ የሄደችው ምን ይጠብቃታል? መጀመሪያ፣ የመንገዱ ነገር አለ። ይህ መሣሪያ የሚገኘው በአዲስ አበባ ባሉ የቆዳ ሕክምና ቤቶች ሲሆን ከማሻ ወደዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ጊዜ ሄዶ የሚያልቅ ነገርም አይደለም። የጥላሸት ንቅሳት በሠለጠነ ነቃሽ በመኪና ከሚነቀሰው ባለ ብዙ ቀለም ንቅሳት ቶሎ ይለቃል፤ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል፤ በየመካከሉም ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ለጥቁር ቆዳ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ዕረፍት መስጠት ይበጃል። የነቃሿ እጅ አንዱን ስፍራ ጠለቅ አንዱን ስፍራ ሳሳ አድርጎ ስለሚወጋ መስቀሉ በአንድ ጊዜ አይደበዝዝም፤ አንዱ ክንዱ ጠፍቶ ሌላው ሲቀር ያየች ሴት ተስፋ እንዳትቈርጥ ይነገራት። የፋቂውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመንገዱንና የማደሪያውንም በስድስት አባዝታ ታስላ።

ከሐኪሙ ዘንድ አስቀድማ ልትጠይቀው የሚገባት፣ መሣሪያው 1064 የሚባለውን ብርሃን የሚያወጣ መሆኑንና በጥቁር ቆዳ ላይ የሠራ መሆኑን ነው። ቀለሙ ጥላሸት መሆኑንም ትንገረው። ቁስሏ ሲድን የሚገነፍልና እንደ ገመድ የሚወጣ ጠባሳ የሚያበቅል ከሆነ ይህንኑ አትደብቀው፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ እስክትወልድ ትቈይ። ብርሃኑ ዓይን ያጠፋልና ሥራው ሲሠራ ዓይኗ በመከለያ ይሸፈናል። ሕመሙ የጋለ ዘይት ጠብታ እንደሚፈናጠር ያለ ነው፤ የሚያደነዝዝ ቅባት ቢቀባም ፈጽሞ አይጠፋም። ወዲያውኑ ስፍራው እንደ ውርጭ ነጭ ይሆናል፤ ይህም በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያብጣል፤ ውኃ ሊቋጥርም ይችላል፤ ቅርፊትም ይይዛል። ቅርፊቱን በጥፍር ማንሣት ጠባሳን መጥራት ነው።

በመጨረሻው ስፍራው ከዙሪያው ቆዳ ነጣ ወይም ጠቈር ብሎ ሊቀር ይችላል፤ ብዙው በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ግን አይመለስም። የደበዘዘ ጥላም ሊቀር ይችላል። ፈጽሞ እንዳልነበረ አደርገዋለሁ የሚል ፋቂ ቢገኝ ከብራና ፋቂው ይማር፤ የተፋቀ ብራናም ወደ ፀሐይ ቢያነሡት የቀድሞው ቃል ይነበብበታልና።

ሁሉም ምልክት በዚህ ብርሃን የሚለቅ አይደለም። ከሚዛን በስተ ደቡብ ምዕራብ ያሉት ሱርማዎች ቆዳቸውን በስለት እየቀደዱ የሚያበጁት ጌጥ ጠባሳ እንጂ ቀለም ስላልሆነ፣ የጥላሸቱ ብርሃን የሚመታው ነገር አያገኝበትም። የከተማ ሴቶች ቅንድባቸውን የሚነቀሱበት ቡናማ ቀለም ደግሞ የብረት ዝገት ወይም ቲታኒየም ያለበት እንደ ሆነ ሌዘር ሲነካው በመልቀቅ ፋንታ ድንገት ይጠቍራል፤ ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም አስቀድሞ በጥቂት ስፍራ ይፈትነዋል።

በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ዋናው ጠላት ፀሐይ ነው። የማሻ ሰማይ የዓመቱን ብዙውን ክፍል በደመና ቢሸፈንም ደመና የፀሐይን ጉዳት ፈጽሞ አያግድም። ቡና ለመልቀም ወይም ወደ ገበያ ለመሄድ የወጣች እንደ ሆነ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ትከናነብ፤ ይህንንም ቁስሉ ከዳነ በኋላ እስከሚቀጥለው ቀጠሮዋ ድረስ አታቋርጥ።